የጃፓኖቹን ኮላጅን ድስትና ራመን ከቱሉ ዲምቱ ሳይወጡ እንዴት እንደሚበሉት

መጀመሪያ አንድ ነገር ላይ እንስማማ። የጃፓኖቹ የኮላጅን ድስት ፎቶው ላይ ሲያዩት የውበት ምግብ ነው። ነጭ ሾርባ፣ በአበባ ቅርጽ የተቆረጠ ካሮት፣ ፊቷ የሚያበራ ልጅ። ክዳኑን ከፍተው ሲያዩት ግን የዶሮ እግር፣ የዶሮ ቆዳ፣ ክንፍና አጥንት ነው። ማለትም እኛ ዶሮ ወጥ ስንሠራ አብዛኛውን ገፈን፣ ቆርጠን፣ ለውሻ የምንወረውረው ነገር። ስለዚህ «እቃው ውድ ነው፣ ቦሌ ካልተሄደ አይገኝም» የሚለውን ተዉት። ቱሉ ዲምቱም ሁኑ ኮዬ ፈጬ፣ ሰበታም ሁኑ ለገጣፎ ወይ ሱሉልታ፣ ዶሮ የሚሸጥበት ገበያ ካለ ዋናው ነገር አለ። የሚቸግረው እሳቱና ሰዓቱ ነው።

ስለ ምግቡ በአጭሩ። ጃፓኖች ብርድ ሲገባ ጠረጴዛ መሃል ድስት ይጥዱና ዙሪያውን ተቀምጠው እያበሰሉ ይበላሉ። ይህን አበላል ናቤ ይሉታል። በዶሮ ከሚሠሩት ውስጥ ስመ ጥሩ ሚዙታኪ ነው፤ አገሩ ኪዩሹ ደሴት ላይ ያለችው ፉኩኦካ ከተማ፣ በተለይ ሃካታ የሚባለው ሰፈር። ራመን ደግሞ ሾርባ ውስጥ የሚቀርብ ኑድል ነው። በአሳማ አጥንት የሚሠራው ቶንኮትሱ ራመንም የዚያው አካባቢ ልጅ ነው፤ በፈረንጆቹ 1937 ኩሩሜ በምትባል ጎረቤት ከተማ እንደተጀመረ ይነገራል። የኮላጅን ድስት የሚባለው ደግሞ የሚዙታኪ ዘመናይ ዘመድ ነው። ምግብ ቤቶቹ ሾርባውን ቀድመው አርግተው እንደ ጄሎ እየተንቀጠቀጠ ያመጡላችኋል፤ እሳቱ ሲነካው ዓይናችሁ እያየ ይቀልጣል። ትርዒቱ ይህ ነው። ይህንኑ ትርዒት ኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ማሳየት ይቻላል።

እንዴት ነው የሚረጋው? ኮላጅን ቆዳን፣ ጅማትን፣ አጥንትንና የመገጣጠሚያውን ለስላሳ አጥንት አጥብቆ የያዘ ፕሮቲን ነው። ውሃ ውስጥ ለረጅም ሰዓት ሲቀቀል ተፈትቶ ጄላቲን ይሆናል። ጄላቲን ሲቀዘቅዝ ይረጋል፣ በሰውነት ሙቀት ደግሞ ይቀልጣል፤ አፍ ውስጥ ያ ከንፈር ላይ የሚጣበቅ ስሜት የሚመጣው ከዚህ ነው። ቅቅል ሠርታችሁ ፍሪጅ ውስጥ ካደረ አይታችሁታል፣ አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር ንጣቱ ነው። ብዙ ሰው ወተት ያለበት ይመስለዋል። ጠብታ ወተት የለበትም። ሾርባው በኃይል ሲንተከተክ ስቡ ወደ ደቃቅ ጠብታ ይሰባበራል፣ ጄላቲኑ ደግሞ እነዚያን ጠብታዎች ተመልሰው እንዳይሰበሰቡ ይይዛቸዋል፣ ብርሃን ሲያርፍበት ነጭ ይሆናል። ስለዚህ «እሳቱን ቀንሺው፣ ለስለስ ብሎ ይብሰል» የሚለው የእናቶቻችን ምክር እዚህ አይሠራም። እሱን ከሰማችሁ ጥርት ያለ ጥሩ ቅቅል ታገኛላችሁ፣ የምትፈልጉትን ግን አታገኙም።

ገበያ

ለ4 ወይም 5 ሰው 1 ኪሎ የዶሮ እግርና ቆዳው ያልተገፈፈ 1 ዶሮ ይበቃል። ክንፍ ለብቻው ካገኛችሁ ጨምሩበት።

እግሩን ገበያ ውስጥ ዶሮ እያረዱ ከሚበልቱት ልጆች ታገኛላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ ይጥሉታል። ቀድማችሁ መናገር ብቻ ነው። «ወንድሜ፣ እግሩን አትጣልብኝ፣ ሰብስብልኝ» በሉት። «ለውሻ ነው?» ብሎ ከጠየቃችሁ አዎ በሉት፣ ይረክስላችኋል። በበዓል ዋዜማ ከሆነ ደግሞ ከበቂ በላይ ነው፤ ያን ቀን ግን ሁሉም ሰው ስለሚጣደፍ በጠዋት ሄዳችሁ ተነጋገሩ።

ዶሮው አበሻ ከሆነ እሰየው። ሥጋው ጠንከር ያለ፣ ጅማቱ የዳበረ፣ ሾርባው ጣዕም ያለው ነው። የፈረንጅ ዶሮ ሥጋው ቶሎ ይበስላል፣ ስቡ ይበዛል፣ ሾርባው ቶሎ ይነጣል፣ ጣዕሙ ግን ቀለል ይላል። ሁለቱን ማቀላቀል ይቻላል፤ አጥንቱን ከአበሻው፣ የሚበላውን ሥጋ ከፈረንጁ። የሚበልተው ልጅ ግን በለመደው መንገድ ቆዳውን ሊገፍላችሁ ነው የሚጀምረው። አስቁሙት። አሥራ ሁለቱን ብልት አውጥቶ ይስጣችሁ፣ ቆዳው እንዳለ ይሁን። ቤት ስትደርሱም እናታችሁ ወይ አማታችሁ ካሉ ቆዳው ላይ ክርክር ይነሳል። ታገሡ፣ ሾርባውን ቀምሰው ይፈርዳሉ።

እንግዶቻችሁ ክርስቲያንም ሙስሊምም ካሉባቸው ማን እንዳረደው አስቀድማችሁ አስቡበት። የእኛ አገር ነገር ነው፣ ጠረጴዛው ላይ ከደረሰ በኋላ መጠየቅ ለሁሉም ያሳፍራል።

ቅርጫ ለገባ ሰው የበሬ ሸኮናና ጅማት የተጣበቀበት ቅልጥምም ያገለግላል፤ ኮላጅኑ የትየለሌ ነው። ግን ጊዜው ይረዝማል፣ ሽታውም ይከብዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ በዶሮ ጀምሩ።

ከአትክልት ተራ ጥቅል ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ባሮ ሽንኩርት፣ እንጉዳይ ካገኛችሁ እንጉዳይ። ጃፓኖቹ የሚጠቀሙት ረጅሙን የቻይና ጎመን ነው። ካገኛችሁ ጥሩ፣ ካልሆነ ጥቅል ጎመኑ ይተካል። ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ እንቁላል። ከሱፐርማርኬት የምትገዙት ሶይ ሶስ ብቻ ነው። ሳኬና ሚሪን የሚባሉት የጃፓን መጠጦች የምግብ አሠራሩ ላይ ተጽፈው ታያላችሁ፤ ሁለቱም አልኮል ናቸው፣ ባይኖሩም ድስቱ አይጎዳም። ትንሽ ስኳር ይበቃል።

ሾርባው

ሾርባውን ከግብዣው በፊት ባለው ቀን ሥሩት። ለቅዳሜ ምሳ ከጠራችሁ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጣዱ። መብራት ሊጠፋ እንደሚችል አስባችሁ ነው እንግዲህ፤ በዋዜማው ቢጠፋ ማረሚያ ጊዜ ይኖራችኋል፣ እንግዳ ተቀምጦ ቢጠፋ ግን ሳቅ ብቻ ነው የሚቀራችሁ።

እግሩ ላይ የፈላ ውሃ አፍሱበት። ጥቂት ቆይታችሁ ቢጫውን ቅርፊት በእጅ ላጡት፣ ጥፍሩን ከነጫፉ ቁረጡ። በጨው እሹት፣ እጠቡት። ሎሚም ይቻላል፣ ሎሚው ግን በደንብ ታጥቦ ይውጣ። ዶሮው የታጠበበትን ሳፋና ሲንክ ወዲያውኑ በሳሙና አጽዱ፣ ከዚያ በኋላ ነው ጎመን የሚነካው።

ለመጨረሻው ሰዓት ጭንና ደረቱን ለብቻ አስቀምጡ፤ እነሱ የሚበሉ ናቸው። እግር፣ ክንፍ፣ ጀርባ፣ አንገት፣ ትርፍ ቆዳ ድስት ይግቡ። ቀዝቃዛ ውሃ ሙሉበት፣ አፍሉት፣ 10 ደቂቃ ይፍላ፣ ከዚያ ውሃውን በሙሉ ድፉት። አዎ፣ ድፉት። ደሙና ግራጫው አረፋ አብሮ ይሄዳል። አጥንቱንም ድስቱንም እጠቡ። ይህን የዘለለ ሰው ሾርባው ነጭ ሳይሆን የልብስ እጣቢ የመሰለ ይሆንበታል።

አሁን 4 ሊትር ንጹሕ ውሃ። እዚህ ላይ የከፍታችን ጉዳይ ይመጣል። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው ያሉት፤ ውሃ እኛ ጋ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ሱሉልታ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። ኮላጅኑ የሚፈታው በሙቀትና በጊዜ ስለሆነ ሙቀቱ ሲያንስ ጊዜው ይረዝማል። ኢንተርኔት ላይ 4 ሰዓት ብሎ የጻፈ ሰው ከባሕር ጠረፍ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ተቀምጦ ነው የጻፈው። በተራ ድስት ከሆነ 6 ሰዓት ያዙለት፣ ውሃው ሲቀንስ የፈላ ውሃ እየጨመራችሁ።

ፕሬሸር ኩከር ካላችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በግፊት ውስጥ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ስለሚደርስ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ እግሩ በጣት ሲነካ ይፈርሳል። ከሁለት ሦስተኛው በላይ አትሙሉት፣ ቫልቩ መደፈን አለመደፈኑን እዩ፣ ግፊቱ ሳይወጣ ክዳኑን አትታገሉ። እና አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ከፕሬሸሩ የሚወጣው ሾርባ ነጭ አይሆንም። ውስጡ ታፍኖ ስለሚበስል ብዙም አይንተከተክም፣ ስቡም አይሰባበርም። ስለዚህ ክዳኑን ከፍታችሁ፣ እግሩንና ቆዳውን በእንጨት ማንኪያ እየደቆሳችሁ፣ በኃይለኛ እሳት ከ30 እስከ 40 ደቂቃ አንተክትኩት። ሲነጣ ታያላችሁ። ያልነጣ እንደሆነ አጥንቱን ለይታችሁ ቆዳውንና ጥቂት ሾርባ፣ በረድ ካለ በኋላ፣ ጁስ መፍጫ ውስጥ አዙሩትና መልሱት። ማጭበርበር ነው የሚል ካለ ይበል፣ ይሠራል።

ዝንጅብሉን፣ ነጭ ሽንኩርቱንና የባሮ ሽንኩርቱን አረንጓዴ ክፍል የመጨረሻዋ ሰዓት ላይ ጨምሩ። ከመጀመሪያው ከገቡ ጣዕማቸው ይሞታል። ጨው አሁን አታስገቡ፤ ሾርባው እየተነነ ስለሆነ በኋላ ይጨምርባችኋል። ቅቤ አይገባም። ኮረሪማ አይገባም። እርድ አይገባም። እጃችሁ ወደ መደርደሪያው ሲሄድ መልሱት፤ ሚጥሚጣም ጠረጴዛ ላይ ይቅረብ እንጂ ድስቱ ውስጥ አይግባ።

በከሰል የምትሠሩ ካላችሁ ውጭ ነው፣ ወይ በረንዳ ላይ። ለ6 ሰዓት የሚነድ ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል፣ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውምና ሳይታወቅ ነው የሚገድለው። ብርድ ነው ተብሎ ማንደጃውን ወደ ውስጥ ማስገባት የለም።

ሲያልቅ በወንፊት አጥልሉት። ከላይ የሚንሳፈፈውን ስብ ጥቂት ጭልፋ ለብቻ አስቀምጡት፣ ለራመኑ ይፈለጋል። ከዚያ ድስቱን ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አቁማችሁ ቶሎ አብርዱትና ፍሪጅ አስገቡት። እንዲህ ዓይነት ሾርባ ለብ እንዳለ ሌሊቱን ካደረ ለባክቴሪያ ድግስ ነው። የሱሉልታ ብርድ ፍሪጅ አይደለም፣ አትሸወዱ። ጠዋት ከፍታችሁ ድስቱን ስታወዛውዙት ከተንቀጠቀጠ ሠርታችሁታል። ካልረጋ ውሃው በዝቶ ነው፤ መልሳችሁ በማፍላት አሳንሱት።

ጠረጴዛው

ባለ አንድ ዓይን የኤሌክትሪክ ምድጃ ጠረጴዛው መሃል አድርጉ። ማከፋፈያው ላይ ሌላ ነገር አብራችሁ አትሰኩ፣ ምጣዱ ወይ የልብስ ካውያው ያኔ ካልተሰካ አገር አይጠፋም። ትልቁን የጋዝ ሲሊንደር ሳሎን ውስጥ አታስገቡ።

ለየሰው አንድ ጎድጓዳ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ፣ አንድ የቡና ሲኒ። ቾፕስቲክ ለፈለገ፣ ሹካ ለሌላው። ጃፓኖቹ ፖንዙ የሚሉትን መጥቀሻ በእኛ እቃ ሥሩት፤ 4 ማንኪያ ሶይ ሶስ፣ 3 ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ 2 ማንኪያ ውሃ፣ ቁንጥር ስኳር። ሃካታ ውስጥ አብሮት የሚቀርብ ከቃሪያና ዩዙ ከሚባል ሎሚ ልጣጭ የሚሠራ ዩዙኮሾ የሚባል ነገር አለ። የእኛው አረንጓዴ ዳጣ ላይ የሎሚ ቆዳ ፈቅፍቃችሁ ብትጨምሩበት ዘመዱ ይሆናል፣ እንዲያውም ለእኔ ምላስ ይበልጣል።

የረጋውን ሾርባ በጭልፋ ወደ ድስቱ አዛውሩትና እንግዶቹ ፊት ጣዱት። ሲቀልጥ ይዩት። ስልክ የሚያወጣ ያውጣ።

አሁን ቅደም ተከተሉ። ይህ ነው ከተራ ሾርባ የሚለየው፣ ሰው ደግሞ የሚያበላሸው እዚህ ጋ ነው፤ ርቦት ሁሉንም ነገር አንዴ ይጨምርና በ10 ደቂቃ ውስጥ ጎመን ወጥ ያደርገዋል። መጀመሪያ ሾርባው ብቻውን ይጠጣል። በቡና ሲኒው፣ ጨው ቆንጠር አድርጋችሁ፣ በደቃቁ የተከተፈ ባሮ ሽንኩርት ጣል አድርጋችሁ። ሃካታም እንዲህ ነው የሚጀመረው። ሥጋም አትክልትም ሳይነካው ምን እንደሆነ ቅመሱት። «ጨው አነሰው» የሚል እንግዳ አይጠፋም፤ ጨዋሚው መጥቀሻው ነው በሉት።

ከዚያ ጭንና ደረቱ፣ በጉርሻ ልክ የተቆረጠ። አበሻ ዶሮ ከሆነ ኩሽና ውስጥ ቀድማችሁ አብስሉት፣ ጠረጴዛ ላይ ሰው እየጠበቀ አይበስልም። የፈረንጅ ከሆነ 15 ደቂቃ ገደማ፤ አንዱን ቆርጣችሁ ውስጡ ሮዝ አለመሆኑን ሳታዩ ማንም አይብላ። ቁርጥ መውደዳችን የታወቀ ነው፣ ዶሮ ላይ ግን ቀልድ የለም። ጥሬውን ያነሳ ሹካ ወይ መቆንጠጫ የበሰለውን አያንሳ፤ ለጥሬው አንድ መቆንጠጫ ለብቻ ይቀመጥ።

የተፈጨ የዶሮ ሥጋ ካላችሁ ከዝንጅብል፣ ከሽንኩርትና ከጥቂት ዱቄት ጋር ለውሳችሁ በማንኪያ እያድበለበላችሁ ጣሉት። ልጆች ከሁሉም ይህን ይወዱታል። ከዚያ ካሮቱና የጎመኑ ወፍራም ክፍል፣ ቀጥሎ እንጉዳዩ፣ ቅጠሉ መጨረሻ። ቆስጣ አንዴ ነክሮ ማውጣት ነው። ጥቂት ጥቂት እየጨመራችሁ፣ እየበላችሁ፣ እያወራችሁ። ሾርባው ሲያንስ ሙቁን ከኩሽና አምጡ።

አንድ የሥነ ሥርዓት ነገር። እኛ ስንበላ እናጎርሳለን። ጃፓኖች ዘንድ ግን ከቾፕስቲክ ወደ ቾፕስቲክ ምግብ ማቀባበል ነውር ነው፤ አስከሬን ከተቃጠለ በኋላ ቤተሰብ የሟቹን አጥንት በቾፕስቲክ ስለሚያነሳ ያንን ያስታውሳል። ቾፕስቲኩን ሩዝ ላይ ቀጥ አድርጎ መሰካትም እንደዚያው የቀብር ነገር ነው። ቤታችሁ ከሆናችሁ በእጃችሁ አጉርሱ፣ ማንም አይቆጣም። የጃፓን እንግዳ ካለ ሳህኑ ላይ አስቀምጡለት። እና አዎ፣ «እንጀራ የለም እንዴ?» የሚል ሰው ይኖራል። ስጡት፣ ምን ችግር አለ።

ማሳረጊያው ሺሜ ይባላል። አትክልቱም ሥጋውም ገብቶበት የወጣው ሾርባ በዚህ ሰዓት ከመጀመሪያው ይጣፍጣል፣ ስለዚህ አይደፋም። ወይ የበሰለ ሩዝ ጨምራችሁ፣ ሲወፍር ሁለት የተመታ እንቁላል በላዩ አፍስሳችሁ፣ ክዳን ገጥማችሁ እሳቱን ታጠፋላችሁ። ወይ ኑድል ታስገባላችሁ። ከሁለቱ እኔ ሩዙን እመርጣለሁ፤ ኑድሉ ለነገ ይቆይ።

ራመኑ

ራመን ውስጥ ጣዕሙ ሾርባው ብቻ አይደለም። ሳህኑ ግርጌ ታሬ የሚሉት ጨዋማ ማጣፈጫ አለ፣ በላዩ ሾርባው፣ ከዚያ ኑድል፣ ከዚያ ጥሩ ሽታ ያለው ዘይት፣ ከዚያ መልበሻው። ታሬውን በግማሽ ኩባያ ሶይ ሶስ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ለጥቂት ደቂቃ አሙቃችሁ ሥሩ። ለአንድ ሳህን 2 ማንኪያ ታሬ ለ300 ሚሊ ሊትር ሾርባ፤ ቀምሳችሁ አስተካክሉ። ዘይቱ ያ ያስቀመጣችሁት የዶሮ ስብ ነው፣ ነጭ ሽንኩርት በቀስታ አብስሉበት።

ኑድሉ ላይ ብዙ ሰው ኢንዶሚ ይጠቀማል። ነውር አይደለም፤ ፈጣን ኑድል ራሱ ሞሞፉኩ አንዶ የሚባል ሰው በ1958 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ጃፓን ውስጥ ለገበያ ያቀረበው ነገር ነው፣ የመጀመሪያውም የዶሮ ራመን ነበር። የኢንዶሚውን ቅመም ግን ጣሉት። የበለጠ ለሚፈልግ አንድ ዘዴ አለ። የራመን ኑድል ቢጫነትና የሚሳብ ጥንካሬ የሚመጣው ከካንሱይ ነው፤ ሊጡ ውስጥ የሚገባ አልካላይ ማዕድን። ቀጭን ስፓጌቲ የምትቀቅሉበት ውሃ ውስጥ ለ1 ሊትር 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ብትጨምሩ ያንኑ ጠባይ ያመጣል። ቤኪንግ ፓውደር አይደለም፣ ሶዳው ነው። ይገነፍላል፣ ትልቅ ድስት ተጠቀሙ። ሲበስል በውሃ ለቅለቅ አድርጉት።

እንቁላሉ አስኳሉ ያልደረቀ እንዲሆን 7 ደቂቃ ይላሉ። ከፍታችን ላይ 8 ወይም 9 ነው። ልጣችሁ ሶይ ሶስና ውሃ ውስጥ ለጥቂት ሰዓት ብታቆዩት ቡናማ ይሆናል፣ ጨውም ይገባዋል።

ራመን ሲቀርብ ወሬ የለም። ኑድሉ ሾርባ ውስጥ እያበጠ ስለሚሄድ ወዲያውኑ ይበላል፣ ድምፅ እያወጡ መሳብም ጃፓን ውስጥ ነውር አይደለም። እኛ ቤት ያሳደጉን ሰዎች ይቅር ይበሉን።

አገሩ ላይ ወይም ውጭ ብትበሉት

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቶኪዮ ናሪታ ድረስ ይበርራል፣ ዱባይና ባንኮክም የጃፓን ምግብ ቤት ሞልቷል፣ ስለዚህ አንድ ቀን እውነተኛው ሊገጥማችሁ ይችላል። ከሁሉ በፊት የአሳማውን ጉዳይ ጠይቁ። ቶንኮትሱ ማለት የአሳማ አጥንት ነው፣ እሱ ግልጽ ነው። ችግሩ ሾዩ (ሶይ ሶስ)፣ ሺዮ (ጨው)፣ ሚሶ (የተብላላ የአኩሪ አተር ሊጥ) ተብለው የተጻፉትም ሾርባቸው ውስጥ አሳማ ሊኖር መቻሉ ነው፤ ስሙ የሚናገረው ማጣፈጫውን እንጂ አጥንቱን አይደለም። በዶሮ ብቻ የሚሠራው ነጭ ሾርባ ቶሪ ፓይታን ይባላል። እሱም ላይ ቢሆን ከላይ የሚቀመጠው ቻሹ የሚሉት ቁራጭ ሥጋ አብዛኛውን ጊዜ አሳማ ነው። አሳማ በጃፓንኛ «ቡታ» ነው፤ «ቡታ?» ብላችሁ ሳህኑን ብታሳዩ ይገባቸዋል። ኮላጅን ተብሎ የሚቀርብ ሌላም ድስት አለ፣ ሱፖን፤ እሱ ኤሊ ነው። ሞትሱናቤ ደግሞ አንጀት ነው፣ ዱለት ለለመደ ሰው አይከብድም።

ናቤ ብዙ ቦታ ከሁለት ሰው በታች አይታዘዝም። ራመን ቤት ግን ብቻችሁን ግቡ፣ ብዙዎቹ በር ላይ ካለው ማሽን ከፍላችሁ ትኬት የምትቆርጡባቸው ናቸው። ሃካታ ዓይነት ራመን ቤት የኑድሉን ጥንካሬ ይጠይቃሉ፤ «ካታ» ጠንከር ያለ፣ «ፉትሱ» መካከለኛ፣ «ያዋ» ለስላሳ። ኑድሉ አልቆ ሾርባ ከተረፈ «ካኤዳማ» ብላችሁ ኑድል ብቻ ታስጨምራላችሁ። ጃፓን ውስጥ ቲፕ አይሰጥም፣ ጥላችሁ ብትወጡ ረሳችሁ ብለው ተከትለው ይመልሱላችኋል።

ፊት ያሳምራል ወይ?

ይህን ሳልመልስ ብዘጋው አትለቁኝም። የበላችሁት ኮላጅን በቀጥታ ጉንጫችሁ ላይ ሄዶ አይለጠፍም። ሆድ ውስጥ እንደ ማንኛውም ፕሮቲን ይፈጫል። በዱቄት መልክ የሚሸጠው የተብላላ ኮላጅን ላይ የቆዳ እርጥበት በጥቂቱ ይጨምራል የሚሉ ጥናቶች አሉ፣ ከእነሱ ውስጥ ብዙዎቹን የደገፉት ዱቄቱን የሚሸጡት ድርጅቶች ናቸው፣ ሾርባ ደግሞ ዱቄት አይደለም። ሰውነት የራሱን ኮላጅን ሲሠራ ቫይታሚን ሲ ስለሚፈልግ ሎሚውና ጎመኑ ቢያንስ የሚረዱት ነገር አለ። ለአራስ ቅቅል፣ ለወገብ ቅልጥም ስንል የኖርን ሰዎች ነን፤ ጃፓኖቹም በራሳቸው መንገድ ያንኑ ይላሉ። የምትበሉት ስለሚጣፍጥ ይሁን።

ሪህ ያለበት ሰው ከአጥንትና ከቆዳ የወጣ ሾርባ ላይ ይጠንቀቅ። ደም ግፊት ያለበት የራመኑን ሾርባ እስከ ታች አይጠጣው፣ ጨው ብዙ ነው፤ ጃፓኖችም ብዙዎቹ ይተዉታል።

የተረፈ ሾርባ ፍሪጅ ውስጥ 3 ቀን ይቆያል። ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁ በአንድ ሰው ልክ ላስቲክ እያደረጋችሁ ፍሪዘር አስገቡት፤ ረቡዕና ዓርብን፣ ሲልም ሁዳዴን፣ እዚያው ያሳልፋል። በጾም ቀን ድስቱ ያማራችሁ እንደሆነ እንጉዳይ፣ ዝንጅብልና ጎመን በሶይ ሶስ አፍልታችሁ በዚያው ቅደም ተከተል ብሉ። ኮላጅን አይኖረውም፣ አይረጋም፣ አይነጣም። ዳጣው ግን ያው ነው።